ሠዓሊት በርት ሞሪዞ

በርት ሞሪዞ በመካከለኛው ፈረንሳይ በምትገኘው በቡርዥ ከተማ በጃንዩወሪ 14 ቀን 1841 ተወለደች። በዚህ ምንባብ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባትዋ ኤድም ቲቢርስ ሞሪዞ የአውራጃው ዋና አስተዳዳሪ ነበር። ቤተ ሰቡ ሹመትም ሀብትም ያልተለየው ስለ ነበር ልጆቹ ችግር የሚባል ነገር ሳያውቁ አደጉ። ከበርት በፊት ኢቭና ኤድማ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ተወልደው ነበር፤ ከእርስዋ በኋላም አንድ ወንድ ልጅ ተከተለ። በ1852 በርት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ቤተ ሰቡ ወደ ፓሪስ ተዛውሮ ፓሲ በሚባለው ሠፈር መኖር ጀመረ።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር የባለጸጋ ሴት ልጅ ፒያኖ መምታት፥ ጥልፍ መጥለፍና ጥቂት ሥዕል መሣል ትማር ነበር። የትምህርቱ ዓላማ ሙያ ማስያዝ ሳይሆን ልጅቱን ለትዳር ማሳመር ነበር። የበርት እናትም ልጆችዋን ወደ ሥዕል መምህር የወሰደቻቸው ለአባታቸው የልደት ቀን ስጦታ የሚሆን ሥዕል እንዲያዘጋጁ በማሰብ ብቻ እንደ ነበር ይተረካል። ይህም የሆነው በ1857 ነው። የመጀመሪያው መምህር ሾካርን አሰልቺ ስለ ሆነባቸው ብዙም ሳይቆዩ ዦዜፍ ጊሻር ወደሚባል ሠዓሊ ተዛወሩ።

ጊሻር የበርትንና የኤድማን እጅ አይቶ ደነገጠ። ወደ እናታቸው ቀርቦም ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። እነዚህ ልጆች የተፈጠሩት ለጨዋታ ያህል እንዲሥሉ አይደለም፤ ትምህርቱን ከቀጠሉ እውነተኛ ሠዓሊዎች ይሆናሉ፤ ይህም እንደ እርስዎ ባለ የታላላቅ ሰዎች ቤት ውስጥ አብዮት፥ ምናልባትም መዓት ያስከትላል ሲል አስረዳት። እናቲቱ ግን ነገሩን እንደ ቀላል አይታ ትምህርቱ እንዲቀጥል ፈቀደች። ያን ቀን ፈርታ ልጆችዋን ብታስቀር ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

ይሁን እንጂ ፈቃድ ማግኘት ብቻውን በቂ አልነበረም። የአገሪቱ ከፍተኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን አይቀበልም ነበር። በሩን የከፈተላቸው በ1897፥ ማለት በርት ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ እኅትማማቾቹ ሉቭር ወደሚባለው ታላቅ ቤተ መዘክር እየሄዱ የጥንት ሠዓሊዎችን ሥራ እየገለበጡ ይማሩ ጀመር። ወጣት ሴት ለብቻዋ ወደ አደባባይ መውጣት እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር እናታቸው አብራ እየሄደች ትጠብቃቸው ነበር።

በርት የሌሎችን ሥራ መገልበጡ አልበቃ አላት። ከቤት ውጭ፥ በጠራው ሰማይ ሥር መሣል እንደምትፈልግ ለጊሻር ነገረችው። እርሱም በተፈጥሮ ሥዕሎቹ ዝናው የገነነ ካሚል ኮሮ ከሚባል ሠዓሊ ጋር አገናኛት። ኮሮ ለስላሳ ጠባይ ያለው ሰው ነበር፤ ዛፍና ውኃ፥ ጉምና ሰማይ በቀኑ ብርሃን እንዴት እንደሚለዋወጡ አስተውሎ መያዝን አስተማራት። አባትዋም በግቢው የአትክልት ሥፍራ ለልጆቹ የሥዕል ቤት አሠራላቸው። በ1864 መንግሥት በየጊዜው በሚያዘጋጀው ሳሎን በተባለ ታላቅ ዓውደ ርእይ ላይ ሁለት ሥዕሎችዋ ተቀባይነት አገኙ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ገና ሃያ ሦስት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ለመረዳት የእኅትዋን የኤድማን ዕጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሁለቱ እኅትማማቾች ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ጎን ለጎን ቆመው ሣሉ፤ በሳሎንም ሥራቸውን አብረው አሳዩ። ኤድማ የበርትን መልክ በብሩሽ በእጅዋ ሆና የሣለችው ሥዕል ዛሬም አለ፤ የአንዲት ጎበዝ ሠዓሊት እጅ መሆኑን ያየው ሁሉ ይመሰክራል። በ1869 ኤድማ ፖንቲዮን የሚባል የባሕር ኃይል መኰንን አግብታ ሎሪያን ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄደች። ከዚያም ብሩሽዋን አስቀመጠች። ለበርት በምትጽፍላት ደብዳቤ ሥዕል ቤቱንና የቀለሙን ሽታ እንደምትናፍቅ ትገልጽላት ነበር። በርትም በበኩልዋ ብቸኝነቱ ከብዷት፥ የሴት ልጅ ኑሮ ያለ ትዳር እንዴት እንደሚሆን እየተጨነቀች ትመልስላት ነበር። እንግዲህ ከአንድ ቤት ከወጡት፥ እኩል ከተማሩትና እኩል ከተመሰገኑት ሁለት ሴቶች አንዲቱ ባል አግኝታ ሥዕሉን ተወች፤ ሌላይቱም ሥዕሉን ይዛ ባል ሳታገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ተቃረበ። ይህም በዚያ ዘመን ለቤተ ሰቡ ትልቅ ኀዘን ነበር።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1868 በርት በሉቭር ውስጥ ሥዕል ስትገለብጥ ኤዱዋር ማኔ ከሚባለው ስመ ጥሩ ሠዓሊ ጋር ተዋውቃ ነበር። ማኔ በጠይም ዓይኖችዋና በዝምታዋ ተማርኮ ሞዴል እንድትሆነው ለመናት፤ በጠቅላላው ከአሥር ያላነሱ ሥዕሎችዋን ሠርቷል። ብዙ ጸሐፊዎች በርትን የማኔ ደቀ መዝሙር አድርገው ይቈጥሩዋታል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። በ1870 ለሳሎን ያዘጋጀችውን የእናትዋንና የኤድማን ሥዕል ማኔ ሊያይ መጥቶ እርማት አደርግልሻለሁ በማለት ብሩሽዋን ተቀበለና ከቀሚሱ ጀምሮ እስከ ፊቱ ድረስ በራሱ እጅ ቀባበት። ሥዕሉን የሚያጓጉዘው ጋሪ በር ላይ ቆሞ ስለ ነበር ማስተካከያ ጊዜ አልነበራትም። በርት በዚህ እጅግ አዘነች፤ ሥዕሉ ተቀባይነት ባያገኝ ይሻል ነበር እስከ ማለት ደረሰች። ከደቀ መዝሙር እንዲህ ያለ ኀዘን አይጠበቅም፤ በሥራዋ የምትኮራ ሠዓሊት ግን እንዲህ ብታዝን አያስደንቅም።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ተነሣ። ፓሪስ በጠላት ጦር ስትከበብ የሞሪዞ ቤተ ሰብ ከከተማው አልወጣም። በዚያ ክረምት በደረሰባት ረኀብና ብርድ የበርት ጤና ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላም ሙሉ ጤንነት አላገኘችም። በ1872 ኤድማ ከሕፃን ልጅዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስትመለከታት የሚያሳየውን ታዋቂውን የአልጋ ሥዕል ሠራች።

እስከዚህ ድረስ የበርት መንገድ በሳሎን በኩል ነበር። በ1874 ግን ሞኔ፥ ረንዋር፥ ፒሳሮ፥ ሲስሌና ደጋ በሳሎን ዳኞች መዋረድ ሰልችቷቸው የራሳቸውን ዓውደ ርእይ ለማቋቋም ሲነሡ እርስዋንም ጋበዙዋት። ማኔ እንዳትገባ መከራት። የሳሎን በር ተከፍቶላት ሳለ ከተናቁት ጋር መቆም ለእርስዋ ጉዳት እንጂ ጥቅም አልነበረውም። በርት ግን ገባች፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ሳሎን አልተመለሰችም። ዓውደ ርእዩ በኤፕሪል 15 ቀን ሲከፈት ሥራቸውን ካቀረቡት ሠላሳ ያህል ሠዓሊዎች መካከል ሴት እርስዋ ብቻ ነበረች። ሕዝቡ እየመጣ ሣቀ። ሞኔ የፀሐይ መውጣትን ለሣለበት ሥዕል ከሰጠው ስም በመነሣት አንድ ጋዜጠኛ ሁሉንም ኢምፕሬሽኒስቶች ብሎ ዘለፋቸው፤ የዘለፋው ስምም ጸንቶ ቀረ። አሮጌው መምህር ጊሻር ዓውደ ርእዩን አይቶ ለእናትዋ በጻፈው ደብዳቤ ልጅዎን ከእነዚህ እብዶች ያርቁ ሲል ለመነ።

ኢምፕሬሽኒስቶች ያመጡት አዲስ ነገር ምን ነበር? ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች ነጭ ልብስ በነጭ ቀለም፥ ጥላውንም በጥቁር ወይም በቡናማ ይሥሉ ነበር። በካርቱም ከተማ በቀትር ነጭ ጀለቢያ የለበሰውን ሰው የተመለከተ፥ ልብሱ እንደ መስተዋት ዓይን እንደሚወጋ ያውቃል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያው ጀለቢያ ወርቅማ ይመስላል፤ ጥላው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ልብሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው። አዲሶቹ ሠዓሊዎች ለመያዝ የፈለጉት ይህንኑ አላፊ ብርሃን ነበር። ቀለሙንም አስቀድመው በጥብጠው አያዋሕዱትም ነበር። ከጣና ሐይቅ የሚነሣው ጥቁር ዓባይ እዚያው ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ውኃ ቀለም ወዲያው አይዋሐድም፤ ጎን ለጎን ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ነው አንድ የሚሆነው። በኢምፕሬሽኒስቶች ሸራም ላይ ሰማያዊው ከሮዙ፥ አረንጓዴው ከነጩ አጠገብ ሳይዋሐድ ተቀምጦ ይገኛል፤ ራቅ ብሎ በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ ግን አንድ ሆኖ ያበራል። ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ዝብርቅርቅ ብቻ ስለሚታየው ሥራው ያላለቀ ይመስለዋል። የጋዜጠኞቹም ስሕተት ከዚህ የመጣ ነው።

በዲሴምበር 22 ቀን 1874 በርት የማኔን ታናሽ ወንድም ኤውዤን ማኔን አገባች። ሠላሳ ሦስት ዓመትዋ ነበር። የኤድማ ነገር በእርስዋም ይደገማል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አልተደገመም። ኤውዤን ራሱ መጠነኛ የሥዕል ችሎታ የነበረው ዝምተኛ ሰው ሲሆን፥ የሚስቱ ተሰጥዎ ከእርሱ እንደሚበልጥ ተቀብሎ ዕድሜውን በሙሉ ረዳት ሆኗታል። ሥዕሎችዋን ይሰቅልላታል፤ ከነጋዴዎች ጋር ይነጋገርላታል። እርስዋም ከጋብቻው በኋላ በሥራዋ ላይ በርት ሞሪዞ በሚለው በራስዋ ስም መታወቅዋን አልተወችም። በማርች 1875 እርስዋና ሦስት ጓደኞችዋ ሥዕሎቻቸውን በሐራጅ ሲሸጡ አዳራሹ በጩኸትና በስድብ ተሞልቶ ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ ደረሰ። ሆኖም በዚያን ቀን ከፍተኛውን ዋጋ፥ ማለት 480 ፍራንክ ያወጣው የእርስዋ ሥዕል ነበር።

በዚያው ዓመት የማኔ ቤተ ሰብ ርስት ወደ ነበረበት ወደ ዠንቪሊዬ ሄደች። ዠንቪሊዬ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሴን ወንዝ አጠገብ የሚገኝ ሜዳ ነው። በዚያ ጊዜ የጓሮ አትክልት የሚመረትበት፥ የፋብሪካ ጭስ ማውጫም ብቅ ብቅ የሚልበት፥ የከተማው ሰው ልብስ ታጥቦ የሚሰጣበት ሥፍራ ነበር። ሠዓሊዎች ለሥራ የሚመርጡት ውብ ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። በርት ግን በዚህ ሜዳ ላይ ልብስ አጣቢዎች የታጠበውን ልብስ በገመድ ላይ ሲያሰጡ አየችና ሣለቻቸው።

ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 33፥ ወርዱ 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሴቶቹ በገመዱ መካከል ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ ፊታቸው አይለይም። እያንዳንዱ አንሶላና ሸሚዝ በአንድ ወይም በሁለት የብሩሽ ጭረት ብቻ የተሠራ ነው። ሆኖም የረጠበው ጨርቅ ክብደት፥ የነፋሱ እንቅስቃሴ፥ የበጋው ሰማይ ንጣት ሁሉ ይታወቃል። ከሩቁ ቤቶችና ጭስ ማውጫዎች በአድማሱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። በአገራችን ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ያጠቡትን ነጠላና ጋቢ በሣሩና በድንጋዩ ላይ ዘርግተው ሲያደርቁ ያየ ሰው፥ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም። ነጩ ጨርቅ ከአረንጓዴው ሣር አረንጓዴነትን፥ ከሰማዩም ሰማያዊነትን ሲበደር በዓይኑ አይቷልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በርት በሕይወትዋ ልብስ አጥባ የምታውቅ ሴት አልነበረችም። በቤትዋ የሚያገለግሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ የእርስዋም አንሶላ እንዲህ ባሉ ሴቶች እጅ የታጠበ ነበር። የልብስ አጣቢነት ሥራ በዚያ ዘመን ጀርባ የሚሰብር፥ ዋጋው ግን እጅግ ዝቅተኛ የነበረ የድካም ሥራ ነበር። ሥዕሉ ድካሙን ገልጦ አያሳይም፤ በዚህ ረገድ ቢወቀስ ወቀሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ንጉሥና ጦርነት፥ አማልክትና ጀግኖች ብቻ ለሥዕል ይገባሉ በሚባልበት አገር፥ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶችን ለሸራ የበቁ አድርጎ መቊጠር ቀላል ነገር አልነበረም። ወንዶቹ ጓደኞችዋ ማታ ማታ ወደ ቡና ቤቱና ወደ ጭፈራ ቤቱ ሄደው የሚሥሉትን ያገኙ ነበር። ለእርስዋ ያ ሁሉ የተዘጋ በር ነው። የቀረላት ቤቱ፥ ግቢው፥ የአትክልቱ ሥፍራና ሜዳው ነበር፤ ከዚያ ውስጥም ማንም ያላየውን አወጣች።

ይህ ሥዕል በ1876 በሁለተኛው የኢምፕሬሽኒስቶች ዓውደ ርእይ ላይ ቀረበ። አልበር ቮልፍ የሚባለው የጋዜጣ ሐያሲ ዓውደ ርእዩን የአምስት ስድስት እብዶች ስብስብ፥ ከእብዶቹም አንዲቱ ሴት እንደ ሆነች አድርጎ ጻፈ። ኤውዤን ተቆጥቶ ጸሐፊውን ለፍልሚያ ሊጠራው ተነሥቶ ነበር፤ ወዳጆቹ አስተዉት። በርት ግን ሥራዋን ቀጠለች። እስከ 1886 ድረስ ከተደረጉት ስምንት ዓውደ ርእዮች የቀረችው ከአንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም የ1879ኙ ሲሆን፥ ምክንያቱ በኖቬምበር 1878 አንዲት ልጅዋን ጁሊን ወልዳ ስለ ነበር ነው።

ጁሊ ከተወለደች በኋላ የበርት ሥዕል በእርስዋ ዙሪያ ሆነ። አንዲት አጥቢ ሞግዚት ሕፃንዋን በአትክልቱ ሥፍራ ስታጠባ የሚያሳይ ሥዕል አላት። እናቲቱ ልጅዋን ሌላ ሴት ስታጠባላት ቆማ ትሥላለች፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ከእርስዋ በፊት በሥዕል የያዘ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ከ1881 ጀምሮ ለአራት በጋዎች ቡዥቫል በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ቤት ተከራይተው ሲቀመጡ፥ ኤውዤን ጁሊን በግቢው አበቦች መካከል ሲያጫውታት ሣለች። እናት ሠርታ አባት ልጅ ሲይዝ የሚታይበት ይህ ሥዕል በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ አንዲት የገጠር ሴት ልብስ ስታሰጣ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ሠራች፤ ይህም ዛሬ በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ይገኛል።

በፓሪስ ባሠሩት ቤት ሐሙስ ማታ ገጣሚው ማላርሜ፥ ረንዋር፥ ደጋና ሞኔ ለእራት ይሰበሰቡ ነበር። ደስታው ግን አልዘለቀም። በ1883 ኤዱዋር ማኔ ሞተ። ኤውዤንም ለብዙ ጊዜ ታምሞ በኤፕሪል 1892 ዐረፈ። በርት ሥራዋን ለብቻዋ ያሳየችበት የመጀመሪያው ዓውደ ርእይ የተከፈተው ከዚያ አንድ ወር እንደ ሞላ ነበር፤ ዕድሜዋ አምሳ አንድ ሆኗል። በ1894 በማላርሜ ጥረት የፈረንሳይ መንግሥት ከሥራዎችዋ አንዱን ለሉክሳምቡር ቤተ መዘክር ገዛ።

በ1895 ክረምት ጁሊ ታመመች። እናትዋ ስታስታምማት በሽታው ወደ እርስዋ ተላለፈና ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። በማርች 2 ቀን 1895 በተወለደች በአምሳ አራት ዓመትዋ ሞተች፤ በፓሲ መካነ መቃብር ከባልዋ ጎን ተቀበረች። ሹሞቹ በጻፉት የሞት የምስክር ወረቀት ላይ ሙያ የሌላት ተብላ ተመዘገበች።

በዓመቱ በማርች 1896 ደጋ፥ ሞኔ፥ ረንዋርና ማላርሜ ተሰብስበው ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑ ሥራዎችዋን በገዛ እጃቸው ሰቅለው ለሕዝብ አሳዩ። በ1874 ገዢ ያላገኘውን የአልጋውን ሥዕል የሉቭር ቤተ መዘክር በ1930 ገዛው። የዠንቪሊዬ ልብስ አጣቢዎች ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ ይታያሉ። ጁሊ እናትዋ ስትሞት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እስከ 1966 ኖራ የእናትዋን ሥዕሎች ስትጠብቅና ስታሰባስብ ዕድሜዋን ፈጸመች። በቡዥቫል ግቢ ከአባትዋ ጋር የተሣለችበት ሥዕልም በርት ካደገችበት ከፓሲ ብዙም በማይርቀው በማርሞታን ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል።